ስለ ሴቶች ደመወዝና ስለ አደራ

ደመወዝ የሚለው ቃል አፈታቱ ደምና ወዝ እንደ ሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ሠራተኛ በዋለበት ሥራ ደሙን አሙቆ፣ ወዙን አፍስሶ የሚቀበለው ዋጋ ስለ ሆነ ይህ ስም ወጣለት ይባላል። በግእዝ ዐስብ ነው፤ ለቀን ሠራተኛ ሲሆን ምንዳ እንለዋለን። ወንድ ደመወዝ ተቀበለ ሲባል ነገሩን የሚመረምር የለም። ሴት ተቀበለች ሲባል ግን በቀድሞው ዘመን ቃሉ ሌላ ነገር ያሳስብ ነበር፤ ሴቲቱ በተቈረጠላት ገንዘብ ለቤት ሥራም ለሚስትነትም የምትያዝበት፣ የደመወዝ ጋብቻ የሚባል፣ ቤተ ክርስቲያን ያልባረከችው ልማድ ነበርና። ይህን ያነሣነው የቀረውን ነውር ለመቀስቀስ ብለን አይደለም። የሴት ደመወዝ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ሙሉ ደመወዝ የማይቈጠረው፣ ባለቤትም እንደሌለው ገንዘብ የሚታየው፣ እንዲህ ያለው አሮጌ ልማድ አግዞት ይሆናል ብለን ስለምናስብ ነው።

የምንጽፈው በቆቦና በራያ ቆላ ስለሚኖሩ እናቶችና እኅቶች ነው። ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከእነርሱም ወዲያ የአፋር ምድር ነው። በምዕራብ የግዳን ደጋ ቆሞባታል። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ ለም ቢሆንም ዝናሙ የማይታመን ስለ ሆነ፣ የራያ ገበሬ በደጋው የዘነበውን ጎርፍ በሆርማትና በጎሊና ወንዝ ሲወርድ ጠብቆ፣ በእንጨትና በድንጋይ ከልሎ ወደ ማሽላውና ወደ ጤፉ ማሳ ይመራዋል፤ ይህንም ጠለፋ ይለዋል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ሴቲቱ አለች። ታርማለች፣ ወፍ ትጠብቃለች፣ ታጭዳለች፣ ከዐውድማ ታጓጉዛለች፣ ከዚያም ወደ ቤት ገብታ ሌላ ቀን ትጀምራለች። ሞፈር መጨበጥ ግን በልማድ አልተፈቀደላትም። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ኖሯት በሬና አራሽ ከሌላት፣ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምርቷን ግማሽ በገዛ ማሳዋ ላይ ቆማ ታስረክባለች። በክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስም በአንድነት እንዲጻፍ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ መበለቲቱ ቢያንስ መሬቷን አልተነጠቀችም። ደብተር ግን አያርስም።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በቆቦና በጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከጕድጓድ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ሲለማ፣ ለሴቶች አዲስ የምንዳ ሥራ መጣ። ጎሕ ሳይቀድ በመንገድ ዳር ተሰብስበው ቀጣሪ የሚጠብቁ እናቶችን ወደ ኪዳን ስንሄድ እናያቸዋለን፤ አንዳንዶቹ ሕፃን አዝለዋል። ለአንድ ዓይነት ሥራ የሴቲቱ ምንዳ ከወንዱ አንሶ ሲቈረጥ አይተን ምክንያቱን ጠይቀን ነበር። ወንድ ኬሻ ይሸከማል አሉን። እኛም ቆመን ብንመለከት፣ ኬሻ የሚሸከሙት ከወንዶቹ ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩት ከሴቶቹ ጋር በአንድ መደብ ላይ አጐንብሰው ሽንኩርት ሲነቅሉ ይውላሉ። ምንዳቸው ግን የተሸካሚ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 በጾታ ምክንያት በደመወዝ ማበላለጥን ይከለክላል፤ ለወላድ ሴትም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ያዝላታል። በሽንኩርቱ መደብ ላይ ግን ይህን አዋጅ የሚያነብላት የለም፤ የወለደች ሴት በምትኳ ሌላ ትገባለች።

ወደ ፋብሪካ የሄዱም አሉ። በ2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ከወሎ ወረዳዎች ብዙ ልጃገረዶች ለስፌት ሥራ ወርደው ነበር። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ የደመወዝ ወለል ስላልነበረ፣ የተቀበሉት ከቤት ኪራይና ከምግብ የማያልፍ ነበር፤ ኋላም ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ፣ ከጥር 2022 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የሆነውን የንግድ ዕድል ከኢትዮጵያ ስላነሣች የስፌቱ ገበያ ተዳከመ። ነገር ግን ስለ ፋብሪካው ሥራ አንድ ነገር መመስከር ይገባናል። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ከደመወዟ መቶኛ 7 እርሷ፣ መቶኛ 11 አሠሪዋ ይከፍሉላታል። ያ ገንዘብ በራሷ ስምና ቍጥር ይመዘገባል። አባቷ አይጠይቀውም፣ ወንድሟ አይበደረውም። ጥቂት ናት፤ የእርሷ ግን ናት። በሰው ቤት የምትሠራዋ እኅት ይህ የላትም፤ የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅም የቤት ሠራተኛን ከራሱ ውጭ አድርጎ፣ ስለ እርሷ ደንብ እንዲወጣ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ትቶታል።

የራያ ልጆች ትልቁ የደመወዝ መንገድ ግን ዐረብ አገር ነው። ከቆቦና ከአካባቢዋ ገጠሮች ያልሄደባት ቤት ፈልገን ብንዞር ብዙ የምናገኝ አይመስለንም። በሕጋዊ መንገድ በአውሮፕላን የሄዱ አሉ፤ በደላላ ተመርተው በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ የተሻገሩ አሉ፤ በባሕርና በበረሃ የቀሩም አሉ። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ሲያስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በዚያው ዓመት መንግሥታችን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቈይ የደላላው መንገድ ግን አልተቋረጠም። ስለ መንገዱ ክፋትና ስለ አሠሪዎች ጭካኔ ብዙ ተጽፏል፣ በዐውደ ምሕረትም ብዙ ተሰብኳል። እኛ ዛሬ የምንመረምረው ሌላውን ነው፤ ይኸውም መንገዱ ከቀና፣ አሠሪውም ከከፈላት በኋላ ገንዘቡ ምን ይሆናል የሚለውን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሽምግልና ተጠርተን የሰማነውን እንጻፍ። በንስሐ የተነገረን ቃል አናወጣም፤ ይህ ግን በጉባኤ ፊት የተነገረ ነው፣ ስምና መንደርም አንጠራም። ልጅቱ በሪያድ በሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ የመጣች ናት። በየወሩ ከደመወዟ ለራሷ ልብስና ለስልክ ብቻ አስቀርታ የቀረውን ለአባቷ ትልክ ነበር። ስትመለስ ጥንድ በሬ ተገዝቷል፣ በከተማ ዳር አራት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል፣ ታላቅ ወንድሟ ተድሯል፣ ታናሹም የደላላ ተከፍሎለት ወጥቷል። ቤቱ በአባቷ ስም ነው። በሬዎቹ የሉም፤ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ጦርነቱ ቆቦ ሲገባና በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ሲመለስ ከብትና እህል ያልጠፋበት ጥቂት ነው። በስሟ የተቀመጠ አንድ ብር አልነበረም። ወገቧን ታምማለች፤ ዕድሜዋም ለጋብቻ አልፏል የሚሉ አሉ።

አባትዮው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ደጋግመን መናገር አለብን፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበርና። እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፦ «ልጄ፣ የኔ ያንቺ አይደለምን?» አላት። እርሷም ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፦ «ያንቱ የኔ ከሆነ የኔስ ወዴት ሄደ?» አለችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሙስሊም አባት ነበሩ፤ በእኛ አገር ሽምግልና በሃይማኖት አይለይም። እርሳቸው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፦ «ሰውዬ፣ ይህቺ ልጅ የላከችልህ ስጦታ ነው ወይስ አማና?» ብለው ጠየቁት። አማና የሚሉት እኛ አደራ የምንለውን ነው። አባትየው መልስ አላገኘም። እኛም በዚያ ቀን የረባ መልስ አልነበረንም፤ ወደ ቤታችን ተመልሰን መጽሐፍ ገለጥን።

በመጽሐፍ ቅዱስ ደመወዝ የተቀበለች ሴት ማን ናት ብንል፣ በኦሪት ዮካብድን እናገኛለን። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ሙሴን ከውኃ ባወጣችው ጊዜ፣ እናቱ መሆኗን ሳታውቅ ለማጥባት ደመወዝ ቈረጠችላት። የራሷን ልጅ በገዛ ጡቷ ለማሳደግ ደመወዝ ተቀበለች ማለት ነው፤ መጽሐፍም አልነቀፋትም። ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን አምልቶ የሚነግረን መጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት በነነዌ ምርኮኛ ሆኖ ሳለ የወፍ ኵስ በዓይኑ ላይ ወድቆ ታወረ። ያን ጊዜ ሚስቱ ሐና በባዕድ አገር፣ በሰው ፊት ለሥራ ወጣች፤ የሱፍ ሥራ እየሠራች ለባለቤቶቹ ትሰድ ነበር፣ እነርሱም ደመወዟን ይከፍሏት ነበር። አንድ ቀን ከደመወዟ በላይ የፍየል ግልገል ጨመሩላት። ግልገሉ በቤት ሲጮኽ ጦቢት ሰማና ከወዴት መጣ አላት። ሥራዬን ወድደው ሰጡኝ ብትለው አላመናትም፤ የተሰረቀ እንዳይሆን ለባለቤቱ መልሺ ብሎ ዐፈረባት። እርሷም ተቈጥታ ያ ሁሉ ምጽዋትህና ጽድቅህ ወዴት አለ ብላ መለሰችለት።

ጻድቁ ጦቢት ስለ ምን ተጠራጠረ ቢሉ፣ ስርቆትን እጅግ ይፈራ ስለ ነበረ ነው። አንድም፣ ዓይኑ ስለ ታወረ የምትሠራውን አላየምና ነው፤ ያላየውን ድካም ሰው በገንዘብ መጠን አይገምተውም። አንድም፣ ሴት በእጇ ሥራ ከደመወዟ በላይ የምትከበር አልመሰለውም። በዚህ በመጨረሻው ምሥጢር የራያን አባቶች እናገኛቸዋለን። ልጃቸው በሪያድ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ በስንት ፎቅ ላይ መስኮት እንደምታጥብ አላዩም፤ ያዩት በሐዋላ የመጣውን ብር ነው። ብር ደግሞ እንደ ዝናም ከላይ የመጣ ሲመስል ለማፍሰስ ይቀላል።

ይህ ብቻ ቢሆን ጦቢትን ባላመጣነው ነበር። በዚያው መጽሐፍ ሌላ ገንዘብ አለ። ጦቢት ባለጸጋ በነበረበት ዘመን 10 መክሊት ብር በሜዶን አገር በራጌስ ለገባኤል አደራ ሰጥቶ ነበር፤ በእጅ ጽሑፍም ተዋውለው ነበር። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ልጁ ጦብያ ጽሑፉን አስይዞ መልእክተኛ ቢልክ፣ ገባኤል ከረጢቶቹን ማኅተማቸው እንዳለ አውጥቶ አስረከበ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በአንድ ቤት ሁለት ገንዘብ ነበረ። የባል ብር ጽሑፍና ማኅተም ነበረው፤ ከብዙ ዘመን በኋላም አልጎደለም። የሚስት ደመወዝ ግን በየዕለቱ ለቤቱ ምግብ ሆነ፤ በላዩ የመጣው ግልገል እንኳ ተጠርጥሮባታል። ሐና ቤቷን መመገቧ ጽድቅ ነው፤ እንዲህ ያደረገች ሚስት ዋጋዋን በሰማይ ታገኛለች። ዘጠኝ ዓመት በባዕድ አገር የሠራች ልጅ ግን ደመወዟ ሁሉ የሐና ደመወዝ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው እንደ ጦቢት ብር ጽሑፍና ማኅተም ይገባዋል።

ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ስጦታ፣ ስለ ብድር፣ ስለ አደራ ለየራሱ አንቀጽ አለው፤ አባቶች ሦስቱን ለይተው የጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ስጦታ የሰጠ አይጠይቅም። ብድር ያበደረ መጠኑን ይጠይቃል። አደራ የሰጠ ግን ያንኑ ገንዘቡን ይጠይቃል፣ የተቀበለውም ለራሱ ጥቅም ሊያውለው አይችልም። የራያ ልጅ ስትልክ በልቧ አደራ ነው፤ «ስመጣ ቤት እሠራበታለሁ» ትላለች። አባት ሲቀበል በልቡ ስጦታ ነው፤ «ልጄ ጦረችኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። ወንድም ሲወስድ በአፉ ብድር ነው፤ በልቡ ግን ምን እንደ ሆነ እርሱ ያውቃል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው፤ ተስማምተው አያውቁምና ስትመለስ ይጣላሉ። ወደ ፍርድ ቤት ብትሄድ ደግሞ ሕጉ ከእርሷ ጋር ለመቆም ይቸግረዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ ወይም በእምነት ቃል ወይም በፍርድ ቤት በሚፈጸም መሐላ ካልሆነ በሌላ ማስረጃ እንዳይረጋገጥ ደንግጓል። ለአባቷ ስትልክ ወረቀት የምታጽፍ ልጅ ማን ናት? ቢያጽፏት ኖሮ አባቷን ያላመነች፣ ልበ ደንዳና ተብላ በመንደሩ ትታማ ነበር።

የላባን ልጆች ግን እናስታውስ። ራሔልና ልያ ከአባታቸው ቤት ለመውጣት ከያዕቆብ ጋር ሲመክሩ፣ በአባታችን ቤት ድርሻ የለንም፣ እንደ ባዕድ ቈጥሮናል፣ ገንዘባችንንም በልቷል ብለው ነበር። ሁለቱ እኅትማማቾች በሌላ ነገር ሁሉ ሲፎካከሩ የኖሩ ናቸው፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ቃል ሆኑ። መጽሐፍም እንዲህ በመናገራቸው አባታቸውን አላከበሩም ብሎ አልከሰሳቸውም። ስለዚህ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ሕግ ልጅቱ ደመወዟን እንዳትጠይቅ ማሰሪያ ሆኖ ሲነገር ስንሰማ፣ የሚናገረው ካህን ቢሆንም እንኳ፣ አንቀበለውም። መጦር ግዴታ ነው፤ የመጦሪያው መጠን ግን ልክ አለው።

ያገባች ሴት ነገሯ በሕግ በኩል ይሻላል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግና የክልላችን የቤተ ሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቍጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በየግል ጥረታቸው የሚያገኙትን የጋራ ሀብት ያደርጉታል። እንግዲህ ሚስት ከዐረብ አገር ልካ ባሏ በስሙ ቤት ቢሠራ፣ ቤቱ የእርሱ ብቻ ነው ማለት አይችልም፤ ፍቺ ቢመጣ እኩል ይካፈላሉ። ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሰማንያ ጋብቻ ሴት ከባሏ እኩል ስትካፈል አባቶቻችን የኖሩበት ነው። ያላገባችው ልጅ ግን በዚህ ጥላ ሥር አትገባም። ስለዚህ ስለ እርሷ ይበልጥ እንጨነቃለን።

አሁን ወደ ራሳችን ወቀሳ እንምጣ። በዚያ ሽምግልና የልጅቱ ገንዘብ ሲቈጠር፣ አባትዮው ከዘረዘረው ውስጥ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ የሰጠው ገንዘብ ነበረ። ያን ገንዘብ የተቀበልነው እኛ ነን። በዐውደ ምሕረት ላይ ስሙን ጠርተን ሕዝቡ እልል ሲልለት መስቀል ያሳለምነው እኛ ነን። ብሩ ከወዴት እንደ መጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቆቦ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የተጠራው ስም ግን የአባቷ ነበር። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ጌታችንን በገንዘባቸው ያገለገሉትን ሴቶች ሲያነሣ ማርያም መግደላዊትን፣ ዮሐናን፣ ሶስናን በየስማቸው ጽፏል። ዮሐና የሄሮድስ አዛዥ የኩዛ ሚስት ነበረች፤ ወንጌላዊው የኩዛን ስም የጻፈው እርሷ ማን እንደ ሆነች ለማሳወቅ ነው፣ ገንዘቡን በኩዛ ስም አላስመዘገበውም። እኛ ይህን ወንጌል በየዓመቱ እያነበብን በመዝገባችን ላይ ግን ኩዛን ስንጽፍ ኖረናል። ሕንፃው ሲሠራ ውኃና አሸዋ ከወንዝ ያመላለሱት ሴቶች በአብዛኛው ድኾች ነበሩ፤ ግንበኛው ምንዳውን ሲቀበል እነርሱ «በረከት ታገኛላችሁ» ተብለው ተሰናበቱ። ከጓዳዋ ተርፏት በፈቃዷ ለተሸከመች በረከት አላት። የዕለት ምንዳዋን ትታ የዋለችውን ግን ምንዳም በረከትም ልንሰጣት ይገባን ነበር።

የዚያ ሽምግልና ፍጻሜ ብዙ የሚያስመሰግን አይደለም። ልጅቱ አባቷን መክሰስ አልፈለገችም። ከአራቱ ክፍል በመንገድ በኩል ያለው አንዱ በጽሑፍ ለእርሷ እንዲሆን ተስማሙ፤ ወንድሟ ፈረመ፣ ፊቱ ግን አልፈካም። አሁን በዚያች ክፍል ሻይና ቡና ትሸጣለች። ዘጠኝ ዓመት ለአንዲት ክፍል ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ በአጥቢያችን ልማድ ያደረግነውን ለሌሎች ካህናት እንናገር። ልጅ ለመሄድ ስትነሣ ለጸሎት ከወላጆቿ ጋር ወደ እኛ ትመጣለች። እንዳትሄድ መምከር የሚገባን እንመክራለን፤ በደላላ መንገድ የምትሄደውንማ አናሰናብትም። በሕጋዊው መንገድ መሄዷ የተቈረጠ ከሆነ ግን ውኃ ከመርጨታችን በፊት በወላጆቿ ፊት እንጠይቃታለን፦ ከደመወዝሽ ለቤት የምትሰጪው ስንት ነው? የቀረውስ በማን ስም ይቀመጣል? በመጀመሪያ ጊዜ ስንጠይቅ አባቶች ይቈጡ ነበር። አሁን ግን ነገሩ በካህን አፍ ስለሚነገር ልጅቱ አባቷን ያላመነች አትባልም፤ ሐሜቱን እኛ ተሸክመንላታል። ለቤት የምትሰጠው ስጦታ መሆኑ፣ የቀረው አደራ መሆኑ በሁለት ወረቀት ተጽፎ ምስክር ይፈርምበታል፤ አንዱ ከእናቷ ዘንድ፣ አንዱ ከእርሷ ዘንድ ይቀመጣል። ከመሄዷም በፊት በራሷ ስም የባንክ ደብተር እንድታወጣ እናደርጋለን። ዛሬ ፀደይ ባንክ የተባለው የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ሆነ ሌላው ባንክ፣ ስሙ የእርሷ፣ ፊርማው የእርሷ ይሁን እንጂ የቱም ይሆናል።

ገንዘብ በባንክ ሲቀመጥ ያልቃል የሚሉን አሉ፤ ነገራቸውም ከንቱ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ የብር ዋጋ እንዴት እንደ ወረደ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ጥቂት ሲጠራቀም ወደ ቤት፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ መስኖ ፓምፕ ወይም ወደ ከብት እንዲለወጥ እንመክራለን። የቤቱ ካርታ፣ የሱቁ ፈቃድ፣ የከብቱም ውል በማን ስም ነው የሚለው ጥያቄ ግን ይከተለዋል፤ ከብሩ የሸሸው ነገር በቆርቆሮው ላይ ይጠብቀናል።

የቆቦ እናቶች ይህን ነገር እኛ ሳናስተምራቸው በዕቁባቸው ያውቁታል። የጉልት ነጋዴዎቹና ጠላ ሻጮቹ ዕቁብ ሲጥሉ ዕጣው የሚወጣው በሴቲቱ በራሷ ስም ነው፤ ዕጣ የወጣላትን ሴት ባሏ መጥቶ ልቀበልላት ቢል ሰብሳቢዋ አታስረክበውም፣ ሴቶቹም ይሥቁበታል። አንዲት እናት ስለ ወረቀቱ ስንነግራት፦ «አባ፣ ይህማ ዕቁብ ነው» ብላን አለፈች።

በመዝገባችን ላይ ስለ ተጻፈው ስም፣ የሰበካ ጉባኤው ሁለት ጊዜ ተነጋግሮበታል። የአባትዮውን ስም መፋቅ ያሳፍረዋል ያሉ ነበሩ፤ እኛም አልፋቅነውም። ልጅቱን ጠርተን የክርስትና ስሟን ጠየቅናት፤ ከአባቷ ስም በላይ ባለው ባዶ መስመር ጻፍነው፣ በዚያ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ጠራነው። በመዝገቡ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሌሎች ስሞች ብዙ ናቸው፤ ሥራው ገና አላለቀም።